ላሚቱን በደጅ ከማዳቀል በፊት

ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር መባቻ፣ ዓርብ ማለዳ፣ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በተነሣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ አክስቴ መንደር እጓዝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና አላባራም። ተሳፋሪው ሁሉ በጋቢውና በፎጣው ተጀቡኗል፤ መስኮቶቹም አንድ ሳይቀሩ ተዘግተዋል። ከፊት ለፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት በእግሮቹ መካከል የወተት ማመላለሻ የሚመስል የአሉሚኒየም ዕቃ አጥብቆ ይዟል። መኪናው አንድ ጉድጓድ ሲዘል ከዕቃው አንገት ነጭ ጢስ መሰል ነገር ወጣና በወለሉ ላይ ተንሸራተተ። ከኋላ የነበሩ አንዲት እናት «እሳት! እሳት!» ብለው ጮኹ።

እሳት አልነበረም። ዕቃውን ያወቅሁት ገና ስሳፈር ነው። ለዶክትሬት ትምህርቴ በውጭ አገር በነበርኩባቸው ዓመታት የመለኪያ መሣሪያዎቻችንን የምናቀዘቅዘው በእንዲህ ያለ ዕቃ በሚመጣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነበር። ማታ ሥራ ስንጨርስ የተረፈውን በሲሚንቶው ወለል ላይ ደፍተን ጠብታዎቹ እንደ ሜርኩሪ ሲሯሯጡ እየተመለከትን እንስቅ እንደነበር አስታውሳለሁ። ይኸው ፈሳሽ በትውልድ አገሬ በሚኒባስ ወለል ላይ ተቀምጦ ወደ አንድ ገበሬ በረት ሲጓዝ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀና ብዬ የአጠገቤን መስኮት ከፈትኩ።

«ኧረ ዝጋልን ልጄ፣ ብርዱ ጨረሰን እኮ» አሉኝ እኚያው እናት።

«ትንሽ ይታገሡኝ እማማ፣ ብርዱ ይሻለናል» አልኳቸው። ለምን እንደሚሻል ከዚህ በታች በስሌት አሳያለሁ።

ወጣቱ የወረዳው አዳቃይ ቴክኒሻን ነበር። ጉዞው ወደ አክስቴ ቤት እንደሆነ የተረዳሁት ስናወጋ ነው፤ አክስቴ ትናንት ማታ ደውለው «ላሚቱ ኮርማ ፈልጋለች» ብለውታል። ይህች ላም ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተዳቅላ ሁለቱንም ጊዜ ሳትይዝ ቀርታለች። ስለዚህ ያ ማለዳ ለአክስቴ ሦስተኛ ዕድላቸው ነበር። አንድ የከሸፈ ማዳቀል ማለት ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ፣ የሃያ አንድ ቀን መኖና ከዚያም በኋላ ወተት የሌለበት ወር ማለት ነው። የአካባቢያችን ላም በቀን የምትሰጠው ወተት ከሁለት ሊትር የማይዘል መሆኑን፣ በጥሩ አያያዝ የምትገኝ የተዳቀለች ላም ግን ከዚያ አራትና አምስት እጥፍ ልትሰጥ እንደምትችል ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ ስለ ከብት ርቢ እንድጽፍ ሙያዬ አይፈቅድልኝም ይሉኝ ይሆናል። የእንስሳት ሐኪሞችና የርቢ ባለሙያዎች በሚገባ የሚያውቁትን ልሰብክላቸው አልተነሣሁም። ሆኖም ከዚያ ዕቃ አንገት እስከ ላሚቱ ማህፀን ባለው አጭር መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛው የሙቀትና የጊዜ ጉዳይ መሆኑን አይቻለሁ፤ ሙቀትና ጊዜ ደግሞ የእኛም መስክ ናቸው።

በሁለት ግድግዳ መካከል ያለ ባዶ

ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ካህንና የተፈጥሮ ተመራማሪ ላዛሮ ስፓላንዛኒ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ገደማ አንዲትን ውሻ በዚህ መንገድ አዳቅሎ ሦስት ቡችላዎች አግኝቷል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሩሲያዊው ኢሊያ ኢቫኖቭ ዘዴውን ለፈረሶችና ለከብቶች እርባታ አዋለው። በእኛ አካባቢ ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1938 አስመራ ውስጥ እንደሆነ ይጠቀሳል፤ ጦርነት አቋረጠው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ደግሞ በስዊድን ድጋፍ በአርሲ ጭላሎ አውራጃ ተስፋፋ። በኋላም ቃሊቲ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ ማዕከል ከተመረጡ ኮርማዎች አባለዘር እየሰበሰበና እያቀዘቀዘ ለክልሎች ሲያከፋፍል ኖሯል።

ትልቁ መሰናክል አባለዘርን ሳይሞት ማቆየት ነበር። ሕዋስ ሲቀዘቅዝ በውስጡና በዙሪያው ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፤ የበረዶውም ቅንጣቶች እንደ ሰንጢ ናቸው። መፍትሔው የተገኘው ከስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 እንግሊዛውያኑ ክሪስቶፈር ፖልጅ፣ ኦድሪ ስሚዝና አለን ፓርክስ የዶሮ አባለዘር በስኳር ውህድ ውስጥ አቀዝቅዘው ለማትረፍ ይሞክሩ ነበር። አንድ ቀን ከማቀዝቀዣ ካወጡት ጠርሙስ የወሰዱት ውህድ ያልተጠበቀ ውጤት ሰጠ፤ ዘሮቹ ከበረዶው ወጥተው ተንቀሳቀሱ። ውህዱ ሲመረመር በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የተሳሳተ ሆኖ ተገኘ። ውስጡ የነበረው ስኳር ሳይሆን ግሊሰሪን ነበር፤ እጃችን ሲደርቅ የምንቀባው ያው ግሊሰሪን። ዛሬም የኮርማ አባለዘር የሚቀዘቅዘው ግሊሰሪን ባለበት ውህድ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ «እስከ ስንት ዲግሪ እናቀዝቅዘው?» የሚል ነው። ከዜሮ በታች 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ አንድ ወሳኝ ድንበር አለ። ከዚያ በላይ ሲሆን ጥቃቅኖቹ የበረዶ ቅንጣቶች ቀስ በቀስ እየተዋሃዱ ያድጋሉ፤ ሲያድጉም የሕዋሱን ሽፋን ይቀዳሉ። ከዚያ በታች ውሃው እንደ ብርጭቆ ደርቆ ስለሚቀር ምንም ዓይነት እንቅስቃሴ የለም ማለት ይቻላል። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በውስጡ የተቀመጠ አባለዘር ለበርካታ ዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ኮርማው ከሞተ በኋላ እንኳ ጥጃ ሊወለድለት ይችላል።

እዚህ ላይ አንዲት የመንቆረር ጨዋታ ልጨምር። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ማርቆስ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ውሃ በእኛ ከተማ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ተማሪዎቼ ያውቃሉ። ፈሳሽ ናይትሮጅንም እንዲሁ ነው፤ እኔ እንዳሰላሁት ደብረ ማርቆስ ላይ የሚፈላው ከዜሮ በታች 198 ገደማ ላይ ነው። ይህ ለአባለዘሩ የሚጨምረው ጥቅም የለም፤ እኔን ግን ደስ ይለኛል።

ፈሳሹን የሚይዘው ዕቃ በሥራው ከቤታችን ፔርሙዝ አይለይም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዲዋር እ.ኤ.አ. በ1892 የፈጠረው ይህ ዕቃ ሁለት ግድግዳ አለው፤ በሁለቱ መካከል አየር እንኳ የለም። ሙቀት በባዶ ውስጥ ለመሻገር ከጨረር በቀር መንገድ የለውም። ዲዋር የባለቤትነት መብቱን ሳያስመዘግብ ቀርቶ አንድ የጀርመን ኩባንያ ሐሳቡን ለገበያ አዋለው፤ እርሱም ተካሶ ተረታ። ስለዚህ ቡና የምናቆይበት ፔርሙዝና አዳቃዩ የያዘው ኮንቴነር የአንድ አባት ልጆች ናቸው።

35 ሊትር የሚይዝ ደኅና ኮንቴነር በቀን ከአንድ እስከ ሁለት ዴሲሊትር ፈሳሽ ብቻ በትነት ያጣል። ይህን ወደ ኃይል ስንለውጠው ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀት ከግማሽ ዋት አይበልጥም። በውጭና በውስጥ መካከል ከ200 ዲግሪ በላይ ልዩነት እያለ የሚገባው ይህ ብቻ መሆኑ አሁንም ያስገርመኛል። ነገር ግን ኮንቴነሩ በድንጋይ ላይ ወድቆ ወይም በሞተር ብስክሌት ሲንገጫገጭ በአንገቱ በኩል ጥቂት ቢሰነጠቅ ባዶው ቦታ አየር ይገባዋል፤ ፈሳሹም በሰዓታት ውስጥ ተኖ ያልቃል። ምልክቱን ማንም ሊያየው ይችላል፤ በውጭው ቆዳ ላይ ጤዛ ወይም አመዳይ ሲታይ ዕቃው ሞቷል ማለት ነው።

የፈሳሹን መጠን ለማወቅ ደግሞ ድፍን የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ዘንግ ለጥቂት ሴኮንዶች ነክሮ ማውጣትና በአየር ላይ ማወዛወዝ ይበቃል፤ አመዳዩ የያዘበት ርዝመት የፈሳሹ ጥልቀት ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ ቧንቧ ግን አይነከርም፤ ፈሳሹ በቀዳዳው ሽቅብ ተተኩሶ ፊት ሊያቃጥል ይችላል። ባለቤቱ አዳቃዩን «እስቲ ለካልኝ» ቢለው ነውር የለውም። በሌላ ጊዜ፣ በሌላ መንደር፣ ኮንቴነሩ ባዶ መሆኑ ሳይታወቅ ላሞች ሲዳቀሉ መክረማቸውን ሰምቼ አዝኛለሁ። ጉዳቱ በዓይን አይታይም። አባለዘሩ ሞቶም ቢሆን ስትሮው ብለን የምንጠራት ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያው ናት፤ ቀለሟም አይለወጥም።

ራስ ዳሸን በሚኒባስ ውስጥ

ወደ መስኮቱ ልመለስ። አንድ ሊትር ፈሳሽ ናይትሮጅን ሙሉ በሙሉ ሲተን በደብረ ማርቆስ የአየር ግፊት ከ900 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ወጣቱ የያዘው ትንሹ የመስክ ዕቃ ነው፤ ሦስት ሊትር ይይዛል እንበል። ያ ሁሉ ቢደፋ 2.8 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይወጣል። የሚኒባሱን ውስጥ አሥር ሜትር ኩብ ብናደርገው የኦክስጅኑ ድርሻ ከመቶ 21 ወደ 16 ገደማ ይወርዳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን ይህ ራስ ምታትና ድካም ያስከትላል። እኛ ዘንድ ግን አየሩ ቀድሞውኑ የሳሳ ነው። ሁለቱን አባዝተን ስናይ ተሳፋሪው ባለበት ተቀምጦ በደቂቃዎች ውስጥ ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ የወጣ ያህል ይሆናል፤ ያውም ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና ሕፃናት ባሉበት። በተዘጋ መኪና የሚደፋው 35 ሊትሩ ከሆነ ግን ስሌቱን መቀጠል አያስፈልግም፤ ጥቂት ትንፋሽ ለሞት ይበቃል።

ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለውም። የምናየው ነጭ ነገር ናይትሮጅኑ ሳይሆን በቅዝቃዜው ጤዛ የሆነ የአየር እርጥበት ነው። ጋዙ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጎዳው ወለሉ ላይ የተቀመጠ ልጅ ነው። መስኮት መክፈት፣ ዕቃውን ቀጥ አድርጎ ማሰርና ከተቻለ በክፍት መኪና ላይ መጫን አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው። «እንዳይደፋ» ተብሎ ክዳኑ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ተጠቅጥቆ መዘጋት ደግሞ ፈጽሞ የለበትም። የሚተነው ጋዝ መውጫ ካጣ ዕቃው ቦምብ ይሆናል።

ላም የቀን መቁጠሪያ አታውቅም

ቴክኒሻኑ የሚያደርገው ሁሉ ተሟልቶ እንኳ ውጤቱ የሚወሰነው እርሱ ከመድረሱ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ነው። የሚወስነውም የቤቱ ሰው ዓይን ነው።

ያላረገዘች ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች፤ ከ18 እስከ 24 ቀን ሊለያይ ይችላል። ፍላጎቱ የሚቆየው ግማሽ ቀን ያህል ብቻ ነው፤ በአገራችን ዝርያ ደግሞ ከዚያም ሊያጥር ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ሌሊት ይጀምራል። ትጮኻለች፣ ትቅበጠበጣለች፣ ወተት ትቀንሳለች፣ ከብልቷ እንደ እንቁላል ነጩ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል። እነዚህ ሁሉ ሊያሳስቱ ይችላሉ። እርግጠኛው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ ቀጥ ብላ መቆሟ ነው። የምትወጣዋ ሳትሆን የምትወጣባት ናት የፈለገችው፤ ይህን የሚያቀያይሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ዕንቁላሏ የምትወጣው ፍላጎቱ ካበቃ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ሲሆን ከወጣች በኋላ የምትቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የኮርማው ዘር ደግሞ በማህፀን ውስጥ አንድ ቀን ያህል ይኖራል፤ ሆኖም ለመብሰል ጥቂት ሰዓት ያስፈልገዋል። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ኔብራስካ ከተደረጉ ጥናቶች የመጣና ዛሬም የሚሠራበት ደንብ አለ። ጠዋት የታየች ላም በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል የሚል ነው።

አክስቴ መጀመሪያ ጊዜ ላሚቱን ያዩአት ቅዳሜ ማታ ነበር። እሑድ ቢሮ ዝግ ነው፤ ስልኩም አልተነሣም። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ተዳቀለች፤ ዕንቁላሏ ግን ከዚያ ብዙ ሰዓት አስቀድማ ያበቃላት ይመስለኛል። በሳምንቱ መጨረሻና በበዓላት ቀን አገልግሎቱ መቋረጡ በአገራችን በተሠሩ ጥናቶች ደጋግሞ የተነሣ ችግር ነው። ላም እሑድን ከሰኞ አትለይም። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃው አለ፣ የነዳጅ እጥረቱም አለ። ባለቤቱ ሊያደርግ የሚችለው ከላሚቱ ፊት መቅደም ነው። በደብተር ላይ የታየችበትን ቀን ጽፎ ሃያ ቢቆጥር፣ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ከመታለቧ በፊትና ማታ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ ሃያ ሃያ ደቂቃ ቆሞ ቢመለከት፣ ቴክኒሻኑንም አስቀድሞ ቢያስጠነቅቅ ብዙ ይቀልለታል። ከብት ጠባቂው ልጅ ከማንም በላይ ያያል፤ ግን የሚጠይቀው የለም።

ስሌት ለሚወድ አንባቢ ነገሩን እንዲህ ላስቀምጠው። ለእርግዝና የሚያስፈልጉት አራት ነገሮች የላሚቱ ጤንነት፣ የአባለዘሩ ደኅንነት፣ የአዳቃዩ ክህሎትና ጊዜውን በትክክል ማወቅ ናቸው። እነዚህ አይደመሩም፤ ይባዛሉ። እያንዳንዳቸው ከመቶ ዘጠና ቢሆኑ ውጤቱ 66 ነው። እያንዳንዳቸው ሰባ ቢሆኑ ግን 24 ብቻ ይሆናል፤ ማለትም ሁሉም «ደኅና» ሆነው ሳለ ከአራት ላሞች የምትይዘው አንዷ ብቻ ናት። ከአራቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ የተቀሩት ሦስቱ ምንም አይፈይዱም።

ሁለት እጅ ፍል፣ አምስት እጅ ቀዝቃዛ

በሁለተኛው ጊዜ አክስቴ ሰዓቱን አልሳቱም። የመጣው ሌላ አዳቃይ ነበር፤ ቴርሞሜትር አልያዘም። አክስቴ ውሃ አሙቀው ሰጡት፤ እርሱም በክርኑ ነክቶ «ይበቃል» አለ። የተፈለገው ከ35 እስከ 37 ዲግሪ የሚደርስ ውሃ ነው፤ ስትሮዋ በውስጡ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ትቆያለች። ክርን አንድ ሰው ሕፃን ሊያጥብ ሲል የሚያገለግል እንጂ 37ን ከ43 የሚለይ መሣሪያ አይደለም። 43 ዲግሪ ደግሞ ለዘሩ ገዳይ ነው።

ለሦስተኛው ጊዜ ከቤተ ሙከራ አንድ ቴርሞሜትር ይዤ ሄጄ ነበር። ሌላም ነገር አስልቼ ነበር። በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ የእንስራው ውሃ 15 ዲግሪ ቢሆን፣ ሁለት ኩባያ የፈላ ውሃ ከአምስት ኩባያ ቀዝቃዛ ጋር ሲቀላቀል ልክ 37 ይሰጣል። በባሕር ዳርቻ ያለ ሰው በዚሁ ልክ ቢቀላቅል ከ39 በላይ ይሆንበት ነበር። በጣም ተደሰትኩ። ጓዳ ገብተን የእንስራውን ውሃ ስንለካው ግን 10 ዲግሪ ሆኖ ተገኘ፤ ሐምሌ ነዋ! በዚያ ቀመር 33 ተኩል ላይ ልንቀር ነው።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ቁጥር ምን ሊረባ?» አሉኝ አክስቴ።

«ቴርሞሜትሩ ይረባል እትዬ» አልኳቸው። ፍል ውሃ ጨምረን 36 ሲሆን በፔርሙዝ አቆየነው።

ወጣቱ ግሩም ባለሙያ ነበር። በመጀመሪያ ላሚቱን አጎንብሶ አየና «እትዬ፣ ገመዱን ላላ ያድርጉላት፤ ስትደነግጥ ማህፀኗም ይደነግጣል» አላቸው። ለከብት መያዣ ተብለው በተተከሉ ሁለት ምሰሶዎች መካከል፣ ጣሪያ ባለበት ቦታ አቆማት። ከዚያ በኋላ ብቻ ኮንቴነሩን ከፈተ። የስትሮዎቹን መያዣ ከአንገቱ አመዳይ መስመር በላይ አላወጣም፤ በረጅም መቆንጠጫ አንዷን መዝዞ ወዲያው ውሃው ውስጥ ከተታት። ሴኮንዱን ቆጠርኩ፤ ሦስት አልሞላም። ስትሮዋ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላትና አንድ አራተኛ ሚሊ ሊትር የምትይዝ ቱቦ ናት። በግርድፍ ስሌት በክፍት አየር ላይ በየሴኮንዱ ስምንት ዲግሪ ያህል ትሞቃለች፤ ያን የ130 ዲግሪ ድንበር ለማለፍ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሴኮንድ ይበቃታል። ድንበሩን ካለፈች በኋላ መልሶ መንከር የተቀደደውን አይጠግንም። አንዷን ለማግኘት ሌሎቹን ሁሉ አንጠልጥሎ ቀለም የሚመርጥ አዳቃይ የሚጎዳው የዛሬዋን ላም ሳይሆን የነገዎቹን ነው።

ከውሃው ሲያወጣት በንጹሕ ሶፍት አደረቃት። ይህ ለንጽሕና ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ አንድ ጠብታ ተራ ውሃ ከዘሩ ጋር ከተቀላቀለ ውሃው ወደ ሕዋሱ ሰርጎ ያፈነዳዋል። የማዳቀያውን ዘንግ አስቀድሞ በእጁ አሽቶ አሙቆት ነበር፤ ጭኖም በሸሚዙ ውስጥ ደረቱ ላይ ከተተው። በአሥር ዲግሪ አየር ውስጥ 37 ዲግሪ የነበረ ስትሮ ነፋስ ባይኖር እንኳ በግማሽ ደቂቃ ወደ 30 ይወርዳል፤ ቀዝቅዞ ሞቆ እንደገና የቀዘቀዘ ዘር ደግሞ አይዋኝም። እስከ ትከሻው የሚደርስ ጓንት አጠለቀ፣ ብልቷን ጠርጎ አጸዳ፣ ዘንጉን በማህፀኗ በር አሳልፎ ወዲያው ከበሩ ማዶ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ከደቂቃ ብዙም አልፈጀም።

የትኛው ኮርማ?

አክስቴ በዚያን ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «ልጄ፣ የትልቁ ፈረንጅ ዘር እንዳይሆን፤ ያችን እንዴት እንዳጣኋት አንተ አታውቅም» አሉት።

እኔ አውቃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት አክስቴ አንዲት የሐበሻ ጊደር ነበረቻቸው፤ ቀይ፣ አጭር፣ እጅግ ለማዳ። ወተት የሚበዛ መስሏቸው «የትልቁን» ለመኑ፤ ሆልስታይን ተሰጣት። ጥጃው ከዳሌዋ በላይ ገዝፎ ሁለት ቀን ሙሉ አምጣ ከነጥጃዋ ሞተች። ሐኪም የመጣው በሁለተኛው ቀን ማታ ነው። የአክስቴ ባል ያኔ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጊደር ከመዳቀሏ በፊት ዕድሜዋ ሳይሆን ክብደቷ መታየት አለበት፤ ሙሉ ላም ስትሆን ከምትመዝነው ከመቶ 60 እስከ 65 መድረስ ይኖርባታል። ለመጀመሪያ ወሊድም ጥጃው የሚያንሰው ጀርሲ ይመረጣል። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንዳሳ ምርምር ማዕከል የሚንከባከበው የፎገራ ዝርያም የራሳችን ከብት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያስታውሰናል። በስትሮዋ ላይ የኮርማው ቁጥር ታትሟል፤ ይህ ቁጥር በደብተር ካልተጻፈ ከሦስት ዓመት በኋላ ልጅ ከአባቷ ጋር ትዳቀላለች።

ላሚቱ ከወለደች ቢያንስ ሁለት ወር ሳይሞላት፣ ወይም ጎድኗ እየተቆጠረ ማዳቀል ድካም ነው፤ ለዚህ ከማንም ቴክኖሎጂ በፊት ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ጨው ያስፈልጋሉ።

ስለ ሆርሞኑም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በ2003 ዓ.ም. በትግራይና በደቡብ ተሞክሮ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎች የተስፋፋው አሠራር ብዙ ላሞችን በአንድ መርፌ በአንድ ሰሞን ኮርማ እንዲፈልጉ ያደርጋል፤ የእሑዱንም ችግር በከፊል ያቃልላል። መርፌው ፕሮስታግላንዲን ነው። ያረገዘች ላም ከተወጋች ታስወርዳለች፤ ስለዚህ አስቀድሞ በእጅ ምርመራ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። መድኃኒቱ በሰው ቆዳም ሰርጎ ይገባል፤ ነፍሰ ጡር ሴትና አስም ያለበት ሰው ብልቃጡን ሊነኩት አይገባም። የላም ገመድ የሚይዙት ብዙ ጊዜ የቤቱ ሴቶች ናቸው፤ ይህን ግን ማንም ሲነግራቸው አልሰማሁም።

ሃያ አንደኛው ቀን ሐምሌ መገባደጃ ላይ ዋለ። አክስቴ በማግስቱ ደውለው ላሚቱ ዝም ብላ እንዳደረች ነገሩኝ። በጥቅምት ወጣቱ መጥቶ በእጁ መረመራትና ማርገዟን አረጋገጠ። በሚያዝያ አጋማሽ ያለ ሐኪም ወለደች፤ ወንድ ነው። አክስቴ ለጊቱ ብለው ጊደር ጠብቀው ነበርና ትንሽ ቅር አላቸው። ቴርሞሜትሩን ግን አልመለሱልኝም፤ ከኮርማው ቁጥር ጋር በደብተሩ ውስጥ ታስሮ ከመደቡ ራስጌ ተሰቅሏል፤ የጎረቤት ሰዎችም ላም ሲያዳቅሉ እየመጡ ይዋሱታል አሉ።